ከቦሌ እስከ ወልድያ፤ የሰማዩ ደቂቃና የምድሩ ሰዓት

ከአዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ የአየር መስመር ቢለካ 253 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ ላሊበላ ደግሞ 332 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አውሮፕላኑ የመጀመሪያውን በሃምሳ ደቂቃ አካባቢ፣ ሁለተኛውን በአንድ ሰዓት ያህል ይጨርሰዋል። በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል፣ በስተምሥራቅ በኩል ባለው የተራራ ግርጌ፣ ወልድያ፣ መርሳና የሀብሩ ወረዳ ገጠሮች ይገኛሉ፤ የራሳቸው ማረፊያ ግን የላቸውም። ሰው ስለ ሰሜን ወሎ ቅርበት ሲናገር ካርታ ላይ ያለውን መስመርና የአየር መንገዱን የበረራ ሰሌዳ ይጠቅሳል፤ ከወልድያ እስከ አዲስ አበባ ያለው ጉዞም ከአንድ ሰዓት በታች ያለቀ ይመስላል። ቁጥሩ ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ከበቅሎ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ ያለውን የዚህን አገር የጉዞ ታሪክ በየዘመኑ ተከትሎ ለሚመለከት ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል፤ የወልድያንና የመርሳን ርቀት የወሰነው የጉዞው ፈጣን ክፍል ሆኖ አያውቅም። ሁልጊዜ የወሰነው ምድር ላይ ያለው አዝጋሚው ክፍል ነው። አውሮፕላን ከመጣ በኋላም ይህ አልተለወጠም።

ከአዲስ አበባ ወልድያ በመኪና 520 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መርሳ ደግሞ ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወረድ ብላ ትገኛለች። ወልድያ በአየር መስመር ብትለካ ግን ከአዲስ አበባ የምትርቀው 327 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ልዩነት የመሬቱ ዋጋ ነው፤ ገደሉን መዞር፣ ዳገቱን መጠምዘዝ፣ ሸለቆውን ወርዶ መውጣት የሚጠይቀው ትርፍ መንገድ። ሲራራ ነጋዴ አጋሰሱን ጭኖ በቀን 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ከሸዋ እስከ የጁ፣ ማለት እስከ ወልድያና መርሳ አካባቢ፣ ለመድረስ ሦስት ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ያውም ወንዝ ካልሞላበት። ገደል በዚህ አገር ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የአፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ጉዞ ነው። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ሰባት ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖል መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ከደብረ ታቦር መቅደላ በቀጥታ መስመር 150 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የደረሱት ግን በመጋቢት ነው። በጋይንትና በዋድላ በኩል አልፈው፣ የጂጣን ገደል ወርደው፣ ወደ ደላንታ ሜዳ ሲወጡ መንገዱን ድንጋይ እየፈነቀሉና እየደለደሉ መሥራት ነበረባቸው። ሠራዊቱ ብቻውን ቢሆን በጥቂት ሳምንት ይገባ ነበር፤ የሁሉንም ፍጥነት የወሰነው መድፉና ገደሉ ነው። በተመሳሳይ ጊዜ ከዙላ የተነሣው የእንግሊዝ ጦር ዝሆን ሳይቀር አምጥቶ፣ የአሸንጌን ሐይቅና የላስታን ደጋ ተሻግሮ መቅደላን የያዘው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነበር። ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ዛሬ ከደሴ መርሳ የሚሄድ መንገደኛ በሚያልፍባት ውጫሌ ከኢጣሊያ ጋር ውል ሲፈረምም፣ ከባሕር ዳርቻ የሚመጣ መልእክተኛ የሚገሠግሠው በዚያው በበቅሎ እርምጃ ነበር።

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ወደ ወሎና ቤጌምድር ወሰን ለመድረስ ስምንት ወር እንኳ አልፈጀበትም። አመጣጡ ግን መንገደኛ ለማድረስ አልነበረም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የቤጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ሲጋጠሙ፣ አውሮፕላን በሠራዊታቸው ላይ የግዝት ወረቀት በተነ፤ ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣ በዚያው ዕለት ወደቁ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የተሰቀለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ቀን፣ ከአንቺም ስድስት ዓመት ሲሞላ፣ የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ ከዚያ ያፈገፈገውም ሠራዊት በአሸንጌ ዳርቻ ከአየር በቦምብና በመርዝ ጋዝ ተፈጀ። ለራያና ለየጁ ሰው የአውሮፕላን ፍጥነት መጀመሪያ የተገለጠው በዚህ መልክ ነው፤ ከሰማይ በደቂቃ የሚደርስ፣ ለማንም መሳፈሪያ ያልሆነ ነገር።

ያው ጦርነት ግን የዚህን ጽሑፍ ክርክር የሚያጠናክር ሌላ ማስረጃ ትቶልናል። ኢጣሊያኖች ደሴን ከያዙ በኋላ፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አጋማሽ፣ ከ1,700 የማያንሱ ተሽከርካሪዎችን አሰልፈው ወደ አዲስ አበባ ተነሡ። አውሮፕላኖቻቸው በላያቸው ይበሩ ነበር፤ ለአውሮፕላን ደሴና አዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ገደማ የሚገናኙ ከተሞች ናቸው። ሰልፉ ግን 400 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ አሥር ቀን ያህል ፈጀበት፤ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ያቆመው ጦር አልነበረም። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተሰብሮ ነበር፤ በዚያ ላይ ዝናብ ወረደ። ወታደሮቹ ጭቃ ውስጥ የሰመጠውን ካሚዮን በትከሻቸው እያነሡ፣ የተናደውን ድንጋይ እየሞሉ ከአንድ ቀን በላይ አሳለፉ። በዘመኑ የአየር የበላይነት የነበረው ጦር እንኳ ከአንድ ተራራ ትከሻ ፈጥኖ ሊያልፍ አልቻለም።

ይህ ትምህርት ኢጣሊያኖችን ወደ መንገድ ሥራ አስገባቸው። አስመራን ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል የሚያገናኘውን አውራ ጎዳና ሠሩ፤ ጣርማ በር ላይም ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ 600 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ በረበሩ። ወልድያ፣ ሲሪንቃ፣ መርሳ፣ ውርጌሳ በአንድ ገመድ ላይ የተደረደሩት በዚያ መንገድ ነው። የሠሩት ለወረራቸው እንጂ ለየጁ ገበሬ ብለው እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ ሥራውን የሠራውም ብዙ ኢትዮጵያዊ ጉልበት ነው። በ1933 ዓ.ም. ሲሸነፉም መንገዱን በማፍረስ የተባበሩትን ጦር ለማዘግየት ሞከሩ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የዘመተው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በጣርማ በር ፍርስራሽ ተጉላልቶ፣ ኮምቦልቻ ላይ ተዋግቶ፣ ደሴን የያዘው ሚያዝያ 18 ቀን ነው። ኢጣሊያኖች ኮምቦልቻ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያም ነበራቸው። ማረፊያው ደሴ ላይ ያልተሠራበት ምክንያት ከመሬቱ ይታያል። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ የታጨቀች ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻ ግን ወደ 1,850 ሜትር ወርዳ ሜዳ አላት። ስለዚህ የደሴ አውሮፕላን ማረፊያ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከሃረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት በታች ተገኘ። ማረፊያው ከመንገደኛው ቤት በገደል የተለየበት ታሪክ ከዚህ ይጀምራል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ያኔ የነበረው አውሮፕላን ሲ-47፣ ማለት የዲሲ-3 የጦር ሠራዊት ዓይነት ነው። ይህ አውሮፕላን በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል፤ በሣርና በአፈር ሜዳ ማረፍ የሚችል በመሆኑም ለአገር ውስጥ ጉዞ የተመቸ ነበር። አዲስ አበባን ከኮምቦልቻ የሚለየውን 253 ኪሎ ሜትር በዚህ ፍጥነት ብናካፍለው 56 ደቂቃ ይወጣል፤ መነሻና ማረፊያውን ስንጨምር አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይሆናል። ይህን ቁጥር አንባቢ ልብ ቢለው ደስ ይለኛል፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። በምድር በኩል ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ የተጎዳውን አውራ ጎዳና የሚጠግን አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ለመንገድ ጥገና 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ባንኩ ለአፍሪካ አገር ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ይህ ነበር። ለመርሳና ለወልድያ ነዋሪ ከማንኛውም አዲስ አውሮፕላን የበለጠ ለውጥ ያመጣው ይህ የመንገድ ጥገና ነው ብዬ አምናለሁ፤ ድልድይ ሲጠገን ክረምቱን ሙሉ ተቆርጦ የነበረ ገበያ ይከፈታልና።

በ1965 እና በ66 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ ይህን መንገድ በሌላ ገጽታ አሳየው። የተራቡት ገበሬዎች ከየቆላው ወጥተው ወደ አውራ ጎዳናው ጎረፉ፤ በመንገዱ ዳርና ዳር ተሰልፈው የሚያልፍ መኪና ይለምኑ ነበር። እህል የሚመጣው በዚያ መንገድ እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁ ነበር። በ77ቱ ረሃብ ጊዜ ደግሞ የእንግሊዝ፣ የጀርመንና የሌሎች አገሮች የጭነት አውሮፕላኖች መጡ፤ መኪና በማይደርስበት ደጋ ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ የእህል ጆንያ ጣሉ። ይህ ሥራ ነፍስ አድኗል፤ ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም የእርዳታው ትልቁ ክፍል የተጓጓዘው ከአሰብ ወደብ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ በሚገባ ካሚዮን ነው። አንድ የሄርኩለስ አውሮፕላን ከፍ ቢል ሃያ ቶን የማይሞላ ይጭናል፤ ያንን ያህል አንድ ተሳቢ ያለው መኪና ብቻውን ይጭናል፤ ነዳጁም ከአውሮፕላኑ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። አውሮፕላን የሚያስፈልገው መንገዱ የተቋረጠበት ቦታ ላይ ነበር። መንገድ ባለበት አገር የአውሮፕላን ፍጥነት የጆንያውን ቁጥር አይተካም።

በእነዚያው ዓመታት ወልድያን ከምዕራቡ ጋር የሚያገናኝ ሌላ መንገድ ተከፈተ። ከ1967 እስከ 1975 ዓ.ም. ቻይናውያን ከወልድያ እስከ ወረታ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሠሩ፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። ይህ መንገድ ከወልድያ ተነሥቶ የድልብን ዳገት ይወጣል። የወጣበት ሰው ያውቀዋል፤ መኪናው በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይጠማዘዛል፣ ወልድያ በአንዱ መታጠፊያ በግራ፣ በሌላው በቀኝ ታች ትታያለች፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ከላይ ደግሞ ሌላ መታጠፊያ ይጠብቃል። ደጋው ላይ ከተወጣ በኋላ ወደ ጋሸና ይዘለቃል፤ ከጋሸና ወደ ላሊበላ ገና 64 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ላሊበላ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ወደ እርሷ የሚበረው አውሮፕላን የሚያርፈው በአፈር ሜዳ ስለነበረ ክረምት ሲገባ በረራው ይቆም ነበር። በኋላ መንደርደሪያው አስፋልት ለበሰና ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ሆነ። ታዲያ ወልድያ ከላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መስመር 70 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አውሮፕላን ቢሆን ገና ከፍ ሳይል መውረድ የሚጀምርበት ርቀት ነው። በጋሸና በኩል የሚዞረው መንገደኛ ግን ከዚያ በእጥፍ የሚበልጥ ርቀት መሄድ አለበት፤ ማረፊያው ራሱም ከላሊበላ ከተማ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በድልብና ኩልመስክ በኩል የሚያቋርጠው መንገድ ያሳጥራል፤ ዳገቱን ግን አያስቀርም። ለውጭ አገር ጎብኚ የተሠራ ማረፊያ በአቅራቢያው ላለው የራስ አገር ሰው ሩቅ ሆኖ መቅረቱ ያሳስበኛል፤ ያቀደው ሰው ክፉ ልብ ስለነበረው የሆነ አይደለም፣ በካርታ ላይ ያለው መስመር ዳገቱን ስለማያሳይ ነው።

ወደዚያ 56 ደቂቃ ልመለስ። ዲሲ-3 ከሄደ በኋላ ሌሎች ተተኩ፤ በ1988 ዓ.ም. ፎከር 50፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ቦምባርዲየር ኪው 400 መጡ። ኪው 400 በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል፤ ከዲሲ-3 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ኮምቦልቻ በዚህ ፍጥነት ሃያ አምስት ደቂቃ መሆን ነበረባት። የበረራ ሰሌዳው ግን ሃምሳ ደቂቃ አካባቢ ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አውሮፕላኑ ከበሩ ተነሥቶ በመሬት እየተንከባለለ ወደ መንደርደሪያው ይሄዳል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ሽቅብ ይወጣል፣ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ጥቂት እንደቆየ ቁልቁል መውረድና ፍጥነት መቀነስ ይጀምራል። ርቀቱ ባጠረ ቁጥር በሙሉ ፍጥነት የሚበርበት ጊዜ ያንሳል። 253 ኪሎ ሜትሩን ለሃምሳ ደቂቃ ብናካፍል በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ይወጣል፤ ይህም ከዲሲ-3 መደበኛ የበረራ ፍጥነት ብዙ የራቀ አይደለም። እንግዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ የፈጀው የአውሮፕላን ቴክኖሎጂ እድገት በዚህ መስመር ላይ ለመንገደኛው ያተረፈለት ከሩብ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ነው። ምቾቱና ደኅንነቱ በእጅጉ ተሻሽሏል፤ ዲሲ-3 የጓዳ አየር ግፊት ስላልነበረው ተራራውን ሲሻገር ተሳፋሪው በከፍታው ሊቸገር ይችል ነበር። ጊዜውን በተመለከተ ግን በምድር ላይ አንድ የተበላሸ ቁልቁለት ቢጠገን የሚገኘው ትርፍ ከዚህ ይበልጣል።

ለሀብሩ ሰው አውሮፕላን የሚያስታውሰው ኮምቦልቻን ሳይሆን ጅዳን ነው። ከመርሳና ከአካባቢዋ ቀበሌዎች ብዙ ወጣቶች ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ እንደሚሄዱ የታወቀ ነው፤ የቪዛና የቲኬት ገንዘብ ያገኘው በቦሌ፣ ያላገኘው በጭፍራና በሚሌ በረሃ አቋርጦ በጅቡቲ ኦቦክ በኩል በጀልባ ወደ የመን። ከቦሌ ጅዳ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላው ይደርሳል። ከመርሳ ቦሌ ለመድረስ ግን ሙሉ ቀን ያስፈልጋል። የሀብሩ ልጅ ከአባቱ ቤት እስከ ባዕድ አገር በሚያደርገው ጉዞ ትልቁን ሰዓት የሚወስደው በገዛ አገሩ ያለው 490 ኪሎ ሜትር ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስም ያው ሆነ፤ ከጅዳና ከሪያድ በሁለትና በሦስት ሰዓት ቦሌ የደረሱት ተመላሾች ወደ ወሎ ለመድረስ አውቶቡስ ላይ አንድ ቀን አሳለፉ። በበረሃው በኩል የሚሄደውን ደግሞ በሰዓት መለካት አይቻልም፤ ስንቱ ጭራሽ እንዳልደረሰ የሀብሩ እናቶች ያውቁታል።

በምድር ላይ ያለውን አዝጋሚ ክፍል ለማሳጠር የተደረገው ትልቁ ሙከራ የባቡሩ ፕሮጀክት ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አቅራቢያ እስካለችው ሀራ ገበያ የሚደርስ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ለመሥራት ያፒ ሜርኬዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋር በ2004 ዓ.ም. ውል ተፈረመ፤ ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ከሀራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚቀጥለውን መስመር አንድ የቻይና ኩባንያ ያዘ። ተራራው ተበሳ፣ ድልድይ ተዘረጋ፣ የባቡር ጣቢያ ተሠራ። ሐዲዱ ግን እስከ ዛሬ መንገደኛ አልጫነም። የኃይል አቅርቦቱና የገንዘቡ ጉዳይ ሲጓተት ጦርነት ደረሰበት፤ የሥራ ካምፖቹም ተዘረፉ። ይህ ባቡር ለመርሳ ማንጎና ብርቱካን፣ ለሀብሩ ጤፍና ማሽላ የሚሰጠው ጥቅም አውሮፕላን ሊሰጥ የማይችለው ነው፤ በኤን.ፒ.አር አይሱዙ ላይ ተጭኖ ጣርማ በር ላይ የሚበስለውን ፍሬ በግማሽ ቀን አዲስ አበባ ሊያደርሰው ይችል ነበር።

ከዚያ 2013 ዓ.ም. መጣ። የሰሜኑ ጦርነት በክረምቱ ወደ ሰሜን ወሎ ገባ፤ ወልድያም ላሊበላም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. አካባቢ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ፤ ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ተከተለች። እስከ ታኅሣሥ ሁሉም ሲመለሱ የኮምቦልቻና የላሊበላ ማረፊያዎች ተጎድተው ነበር፤ በረራው እንደገና የተጀመረው በዚያው ዓመት ውስጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል ግጭት ሲነሣ የላሊበላ በረራ ዳግም ተቋረጠ። እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት፣ አውቶቡስ በሚቆምበትና መንገደኛ በሚታገትበት ዘመን አውሮፕላን ብቸኛው መውጫ አይሆንም ወይ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው በከፊል እውነት ነው። ለወልድያና ለመርሳ ሰው ግን አውሮፕላኑ ጋ ለመድረስ ያንኑ መንገድ መሄድ ግድ ይላል። ያሳለፍናቸው ዓመታትም ያሳዩት፣ ምድሩ ሲዘጋ ሰማዩም አብሮ እንደሚዘጋ ነው፤ ማረፊያው የቆመው መሬት ላይ ነውና ጦር ሲደርስበት ከመናኸሪያው ተለይቶ አይተርፍም።

ዛሬ አንድ የመርሳ ሰው ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ለመሄድ ቢነሣ ጉዞው ምን ይመስላል? መርሳ 1,600 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። በሚኒባስ ተሳፍሮ በውርጌሳ፣ በውጫሌና በሐይቅ አድርጎ 2,500 ሜትር ወዳለችው ደሴ ይወጣል፤ ደሴ መናኸሪያ ላይ መኪና ይቀይራል፤ ከዚያ የሃረጎን ጠመዝማዛ ተከትሎ ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል። ወደ 115 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ መንገድ ሦስት ሰዓት ይፈጃል ብንል አላጋነንም። ለፍተሻና ለመሳፈሪያ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ መገኘት አለበት፤ በረራው ሃምሳ ደቂቃ፤ ቦሌ ወርዶ ሻንጣ ተቀብሎ ከግቢው እስኪወጣ አርባ ደቂቃ። ድምሩ ስድስት ሰዓት ነው። በአውቶቡስ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ ቢሄድ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ አሥር ሰዓት አካባቢ ይወስድበታል። ስለዚህ ትርፉ አራት ሰዓት ነው፤ ከስድስቱ ሰዓት ውስጥም በአየር ላይ የሚያሳልፈው አንድ ሰባተኛ ያህል ብቻ ነው። አራት ሰዓት ለታመመ ሰው ትንሽ አይደለም፤ ይህን የሚያቃልል ሰው በሽተኛ አስታሞ አያውቅም። የቲኬቱን ዋጋ የሚችለው ሰው ስንት ነው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ከሁሉ በላይ ግን አራቱ ሰዓት የሚገኘው የመጀመሪያው ሦስት ሰዓት ካልተራዘመ ነው። ደሴ መግቢያ ላይ መንገድ ቢዘጋ፣ ሃረጎ ላይ አንድ ሲኖትራክ ቢገለበጥ፣ በረራው ያመልጣል፤ የቀረው አማራጭ ማደር ነው፤ ያኔ አውቶቡሱ ቀድሞ ይገባል።

የወልድያ ሰዎች የሚያነሡት ጥያቄ ከዚህ ይከተላል፤ ለምን የራሳችን አውሮፕላን ማረፊያ አይሠራልንም? ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ የዞን መቀመጫ የሆነች፣ የአራት አቅጣጫ መንገድ መገናኛ ከተማ ጥያቄውን ማንሣቷ ተገቢ ነው፤ የሚያነሡትን ሰዎች እንደ ቅንጦት ፈላጊ መቁጠርም ትክክል አይመስለኝም። ማረፊያው ቢሠራ ለወልድያ ከተማ ነዋሪ ጉዞውን ወደ ሦስት ሰዓት ያወርደው ነበር። ነገር ግን መሬቱን እንመልከት። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ሙቀት ሲጨምርም እንዲሁ። በሳሳ አየር ክንፉ አውሮፕላኑን ለማንሣት ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል፣ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በባሕር ጠለል ደረጃ ከሚያስፈልገው በጣም የረዘመ መንደርደሪያ ይጠይቃል። የላሊበላው መንደርደሪያ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ወልድያ በኮረብታ መካከል የተቀመጠች ናት፤ ያን ያህል ዝርግ መሬት ከነመቃረቢያው የሚገኘው ወደ ሀራ ወይም ወደ ቆቦ ሜዳ ሲወረድ ነው። የቆቦና የጊራና ሸለቆ ደግሞ ዞኑ በመስኖ የሚያለማው ምርጥ መሬቱ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ኮምቦልቻ ከወልድያ በአየር 84 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ላሊበላ 70 አይሞላም። ሦስት ማረፊያ በዚህ ቅርበት ያለውን ጥቂት መንገደኛ ቢካፈሉ እያንዳንዱ በሳምንት የሚያገኘው በረራ ይቀንሳል፤ በረራ ሲቀንስ ደግሞ መንገደኛው ቀን መጠበቅ ይጀምራል፣ የተጠበቀውም ቀን ከጉዞው ሰዓት ላይ ይደመራል።

ያው ገንዘብ ከወልድያ እስከ ኮምቦልቻ ባለው 145 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ቢውል፣ ደሴን በጎን የሚያልፍ ማቋረጫ ቢሠራ፣ የሃረጎ ቁልቁለት ቢሰፋ፣ ከመርሳና ከወልድያ መናኸሪያ ከበረራው ሰዓት ጋር የተገጣጠመ አውቶቡስ ቢመደብ፣ ጉዞው ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ያጥራል ብዬ እገምታለሁ። ያ አንድ ሰዓት ከወልድያ ነዋሪ ሌላ ለሲሪንቃ፣ ለመርሳ፣ ለውርጌሳና ለውጫሌም ይደርሳል። ቲኬት የቆረጠውም ያልቆረጠውም ይጠቀምበታል፤ ወደ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል በአምቡላንስ የምትሄደው ወላድም፣ ማንጎ የጫነው አይሱዙም። ወልድያ በሕዝብና በገበያ አድጋ በየቀኑ አንድ አውሮፕላን መሙላት የምትችልበት ጊዜ ሲመጣ፣ ያኔ የማረፊያው ጥያቄ ሌላ መልስ ይኖረዋል፤ ያን ቀን የሚያመጣውም በመጀመሪያ ይኸው መንገድና ቆሞ የቀረው ሐዲድ ነው።